ሺፍት፣ ኤፍ10፣ ኤን፣ 3፦ የፋይል ሜኑን መግራት

ሰፈሬ ካለ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተራዬን እየጠበቅሁ ተቀምጫለሁ። ጸሐፊዋ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ኪቦርዱን ሳታይ ታወርደዋለች፤ ጣቷን ማየት ያስደስታል። ጽሑፉ አልቆ ፋይሉን ወደ ቦታው መስደድ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ሆነች። እጇን ከኪቦርዱ አነሳች፣ ማውሱን ከወረቀት ክምር ሥር ፈልጋ አወጣች፣ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አደረገች፣ «ኮፒ» አለች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ሌላ ፎልደር ከፈተች፣ በውስጡ ሌላ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፣ ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፔስት»። ቀጥሎ ለነበረው ደንበኛ ደግሞ ያንኑ ከመጀመሪያው ደገመችው። በቀን ስንቴ እንደምታደርገው ስጠይቃት «ኧረ ጋሼ፣ ማን ይቆጥረዋል!» ብላ ሳቀች።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንደ እሷ ላሉ ሰዎች ነው። ኮንትሮል ሲና ኮንትሮል ቪን ሁሉም ያውቃል፤ መቶ አቋራጭ ቁልፍ የተደረደረበት ሠንጠረዥም እንደ ልብ ይገኛል፤ ሠንጠረዡን አትሞ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የተጠቀመበት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። እኔ የማሳይዎ ሌላ መንገድ ነው። ዕለት ዕለት የሚመላለሱባቸውን ሦስት ወይም አራት የሜኑ ጉዞዎች መርጠን፣ እነሱን ብቻ በእጅዎ ልክ እንሰፋቸዋለን። ምሳሌዬ ዊንዶውስ ላይ ያለው ፋይል ኤክስፕሎረር ነው፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና የኢ ፊደልን አብረው ሲጫኑ የሚከፈተው። የማክ ተጠቃሚዎችን ወደ መጨረሻው አካባቢ አስታውሳቸዋለሁ። የላቲን ፊደላቱን በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ስለምጽፍ «ኤን» ስል የኤን ፊደል ያለበትን ቁልፍ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ምንም ከመቀየርዎ በፊት ለግማሽ ቀን ያህል ከኪቦርድዎ አጠገብ ቁራጭ ወረቀት ያስቀምጡ። ፋይሎች መካከል ሆነው ቀኝ ክሊክ ባደረጉ ቁጥር ከሜኑው ውስጥ ምን እንደመረጡ ይጻፉና ጭረት ያድርጉበት። ስም ቀየርኩ፣ ጭረት። አዲስ ፎልደር ፈጠርኩ፣ ጭረት። ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ ጭረት። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው የማይጠቀምበትን ቁልፍ ሲሸመድድ የሚከርመው ይህን ስለሚዘለው ነው። የእኔ ወረቀት ላይ ጭረቱ የተከመረው አራት ነገር ላይ ብቻ ነበር፦ ስም መቀየር፣ አዲስ ፎልደር፣ የፋይል መጠን ማየት፣ እና ፋይሎችን ወደ ተወሰኑ አምስት ፎልደሮች ማከፋፈል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሜኑ ጨርሶ እንደማያስፈልጋቸው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሜኑ የማያስፈልጋቸው

ስም ለመቀየር ፋይሉን መርጠው ኤፍ2ን ይጫኑ። ብዙዎች እዚህ ድረስ ያውቁታል። ያነሱ ሰዎች የሚያውቁት ቀጥሎ ያለውን ነው፤ አዲሱን ስም ጽፈው ሲጨርሱ ኢንተርን በመምታት ፈንታ ታብን ቢጫኑ የመጀመሪያው ስም ይጸናና ቀጣዩ ፋይል ራሱ ለስም ቅየራ ተከፍቶ ይጠብቅዎታል። ሺፍትና ታብ ወደ ኋላ ይመልስዎታል። ከስካነር የወጡ ሠላሳ ገጾችን ስም ማውጣት ሲኖርብዎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጅዎ ከኪቦርዱ አይነሳም። ሁሉም አንድ ስም ይበቃቸዋል ካሉ ደግሞ በኮንትሮል ኤ ሁሉንም ይምረጡ፣ ኤፍ2ን ይጫኑ፣ «ውል» ብለው ይጻፉና ኢንተር ይምቱ፤ ዊንዶውስ ከስሙ ኋላ በቅንፍ 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቀጥልልዎታል። ከተሳሳቱ ኮንትሮል ዜድ ይመልሰዋል።

አዲስ ፎልደር ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን ነው። የፋይሉን መጠንና ዝርዝር ለማየት አልትና ኢንተር። ከውስጠኛው ፎልደር ወደ ውጪኛው ለመውጣት አልትና ወደ ላይ የሚጠቁመው ቀስት። ፋይሎቹን ከቀንና ከመጠናቸው ጋር በዝርዝር ለመደርደር ኮንትሮል፣ ሺፍት እና 6። ከእነዚህ ውስጥ ወረቀትዎ ላይ ጭረት የበዛበትን ብቻ ይያዙ፤ ሌላውን ይርሱት።

ወረቀቱ ላይ የቀረው፣ ለእኔ ፋይል ማከፋፈሉ፣ አቋራጭ ቁልፍ የለውም። ዊንዶውስ «ይህን ፋይል ወደ ውል ፎልደር ላክ» የሚል ቁልፍ ሊያዘጋጅልዎ አይችልም፤ የእርስዎን ፎልደር ከየት ያውቀዋል? እዚህ ላይ ሜኑውን ራሱን መግራት ግድ ይላል።

የተደበቁትን ሰረዞች ማውጣት

አብዛኛው የሜኑ ትእዛዝ ከስሙ ውስጥ አንዲት ፊደል ከሥሯ ተሰምሮባታል። ሜኑው ክፍት ሆኖ ያቺን ፊደል ብቻዋን ቢጫኑ ትእዛዙ ይፈጸማል፤ ኮንትሮልም አልትም አያስፈልግም። ይህ አሠራር የቆየ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲዩኤ በሚል አህጽሮት ባወጣው የአሠራር ደንብ ውስጥ የነበረ ሲሆን ዊንዶውስም ከዚያው ወርሶታል። ታዲያ ለምን አይታይም? ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ሰረዞቹን አልት ቁልፍ እስኪነካ ድረስ ስለሚደብቃቸው ነው። ስክሪኑ ጸዳ ይል ይሆናል፤ አንድ ትውልድ ግን ሜኑ ፊደል እንዳለው ሳያውቅ አደገ።

በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስን በዊንዶውስ ቁልፍና በአይ ይክፈቱ፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ይግቡ፣ ኪቦርድ የሚለውን ይምረጡና የአክሰስ ኪይ ማስመሪያውን ያብሩት። በዊንዶውስ 10 ያው ምርጫ «ኢዝ ኦፍ አክሰስ» በሚለው ክፍል፣ እንዲሁ ኪቦርድ ሥር ይገኛል። ይህን ካደረጉ በኋላ ፋይል መርጠው ሺፍትንና ኤፍ10ን አብረው ይጫኑ። ማውስ ሳይነኩ የቀኝ ክሊክ ሜኑው ይከፈታል፤ ፊደሎቹም ከነሰረዛቸው ይታያሉ።

ሁለት እንቅፋት ሊገጥምዎ ይችላል። አንደኛው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ በብዙዎቹ የኤፍ ረድፍ መጀመሪያ የድምፅና የመብራት ቁልፍ ሆኖ ስለሚመጣ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ጨምረው መያዝ ይኖርብዎታል። ሁለተኛው የዊንዶውስ 11 ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ አዲስ፣ አጭርና ክብ ጠርዝ ያለው ሜኑ ይዞ መጣ፤ የድሮውን ሙሉ ሜኑ ደግሞ ከታች «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚል መስመር ኋላ ሸሸገው። ብዙ ሰው የተማረረው በዚህ ነው። ያንን መስመር ፍለጋ ክሊክ ማድረግ ግን አያስፈልግም፤ ሺፍትና ኤፍ10 በቀጥታ የድሮውን ሜኑ ያመጣሉ። አዲሱ ሜኑ መጀመሪያ ላይ የፊደል ቁልፍ እንኳ አልነበረውም፤ የተጨመረለት እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እኔ የማምነው አሮጌውን ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምንሠራው ሁሉ የሚታየው እዚያ ውስጥ ነው።

የእንግሊዝኛው ዊንዶውስ የድሮ ሜኑ ላይ ሊይዟቸው የሚገቡ ጥቂት ፊደሎች አሉ። ፋይል ላይ ሆነው ኤች «በሌላ ፕሮግራም ክፈት» የሚለውን ይከፍታል፤ ኤን «ሴንድ ቱ» የሚለውን፤ አር ዝርዝሩን ያወጣል። ፎልደር ውስጥ ምንም ሳይመርጡ ደብሊው «ኒው» የሚለውን ይከፍትና ኤፍ ቢያስከትሉ ፎልደር፣ ኤስ ቢያስከትሉ አቋራጭ ምልክት ይፈጥራል። ዊንዶውስዎ በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ከሆነ ፊደሎቹ ይለያያሉ፤ ሰረዞቹን ያስወጣንበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የፊደል ግጭት

ጸሐፊዋ ዘንድ ተመልሼ ይህን ሳሳያት ወዲያው የያዘችው ጥያቄ ትክክለኛው ነበር፦ «ሁለቱ አንድ ፊደል ቢኖራቸውስ?»

ያኔ ዊንዶውስ አይመርጥም። ፊደሏን ሲጫኑ ምልክቱ የመጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ ሲደግሙ ሁለተኛው ላይ፤ ለማስፈጸም ኢንተር መምታት ግድ ነው። የተሰመረበት ፊደል የሌለው መስመር ሲያጋጥም ደግሞ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ቁልፉ ትሆናለች። ይህቺን ሕግ ያስታውሱ፤ ጠቅላላ ዘዴያችን የቆመው በእሷ ላይ ነው።

«ሴንድ ቱ» ውስጥ ገብተው ይዩት። ዊንዶውስ ሲጫን «ዴስክቶፕ» እና «ዶክዩመንትስ» የሚሉ ሁለት መስመሮች እዚያ ያስቀምጣል፤ ሁለቱም በዲ ይጀምራሉ። ዲን ሲጫኑ አንዱ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ማንም የማይልክበት የፋክስ መስመር ደግሞ እስካሁን አለ። ቤቱ የተጣበበው በማይፈለግ ዕቃ ነው እንጂ በእርስዎ ዕቃ አይደለም።

ደግነቱ «ሴንድ ቱ» ተራ ፎልደር ነው። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፋይል ሜኑው ላይ አንድ መስመር ሆኖ ይወጣል። ለመክፈት የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ይጫኑ፤ በሚመጣው ጠባብ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሼል» ብለው ይጻፉ፣ ሁለት ነጥብ (:) ያድርጉ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ሳይተዉ «ሴንድ» እና «ቱ»ን አያይዘው ጽፈው ኢንተር ይምቱ። የፋክሱንና የማይጠቀሙባቸውን ሌሎች መስመሮች ከዚህ ቆርጠው ሌላ ቦታ ያኑሯቸው። አይደምስሷቸው፤ አንድ ቀን ቢያስፈልጉ መልሰው ይለጥፏቸዋል።

አሁን የራስዎን ፎልደሮች ያስገቡ። ፋይል የሚሰዱበትን ፎልደር ይምረጡና ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ሲን ይጫኑ፤ ይህ በዊንዶውስ 11 የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ይገለብጣል። በዊንዶውስ 10 ሺፍትን ይዘው ፎልደሩ ላይ ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ «አድራሻውን ገልብጥ» የሚል መስመር ያገኛሉ። ወደ «ሴንድ ቱ» ፎልደር ይመለሱ፤ ሺፍትና ኤፍ10፣ ደብሊው፣ ኤስ። የሚከፈተው ሳጥን አድራሻ ይጠይቅዎታል፤ በኮንትሮል ቪ ይለጥፉና ይቀጥሉ። ቀጥሎ ስም ይጠይቃል። ስሙን በቁጥር ይጀምሩት፦ «1 ደብዳቤ»። ለሚቀጥለው ፎልደር «2 ሲቪ»፣ ከዚያ «3 ውል»፣ «4 ፎቶ»።

ለምን ቁጥር? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ግጭት አለመኖሩ ነው፤ የዊንዶውስ የራሱ መስመሮች በቁጥር አይጀምሩም። በዚያ ላይ ሜኑው መስመሮቹን በስም ቅደም ተከተል ስለሚደረድር ቁጥር ያላቸው ከላይ ይሰበሰባሉ። ሁለተኛውን ምክንያት ወዲያው እደርስበታለሁ። ከ9 ግን አይለፉ፤ «10 ልዩ ልዩ» የሚል መስመር ቢጨምሩ የመጀመሪያ ፊደሉ 1 ስለሆነ «1 ደብዳቤ»ን ያውክብዎታል። ከዘጠኝ በላይ ካስፈለገዎት ፎልደሮችዎ ራሳቸው ሥርዓት ያጡ ይመስለኛል።

አሁን ይሞክሩት። የማይረባ ፋይል ይምረጡ፣ ሺፍትና ኤፍ10፣ ኤን፣ 3። ፋይሉ ወደ ውል ፎልደር ሄደ። ከመለማመድዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ፦ ዋናው ፋይል በነበረበት ቀርቷል ወይስ ተዛውሯል? መድረሻው ፍላሽ ወይም ሌላ ድራይቭ ሲሆን ቅጂው ይሄዳል፤ መድረሻው እዚያው ድራይቭ ላይ ከሆነ በእርስዎ ማሽን ምን እንደሚሆን በሚጣል ፋይል አይተው ይወቁት። የደንበኛ ሥራ ላይ አይደለም ይህን መማር።

ኤንን ሲጫኑ ሜኑው ካልተከፈተና ምልክቱ አንድ መስመር ላይ ብቻ ቆሞ ከቀረ፣ ሌላ ፕሮግራም ኤንን ተሻምቶብዎታል ማለት ነው። ፋይል ማመቂያዎች፣ ጸረ ቫይረሶችና የደመና ማከማቻዎች ሲጫኑ የቀኝ ክሊክ ሜኑ ውስጥ የራሳቸውን መስመር መደንቀር ልማዳቸው ነው። ፕሮግራሙን ከፍተው ቅንብሩ ውስጥ ከሜኑ የሚያወጣ ምርጫ ይፈልጉ፤ አብዛኞቹ ላይ አለ።

አማርኛ ኪቦርድ ሲበራ

ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። ደብዳቤ በአማርኛ እየጻፉ ቆይተው ወደ ፋይል ኤክስፕሎረር ተሻገሩ እንበል። ሺፍትና ኤፍ10፤ ሜኑው ተከፈተ። ኤን፤ ምንም የለም። ወይም ያቺ የታወቀች ጢጥ የምትል ድምፅ። ሜኑው የሚጠብቀው የኤንን ፊደል ነው፤ እርስዎ ግን አማርኛ ኪቦርድ ላይ ስለሆኑ ቁልፉ የሚያወጣው «ን»ን ነው። ማሽኑ ተበላሸ ብለው ዳግም ያስነሱ ሰዎች አይቻለሁ።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ልማድ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ የሚጽፉ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍና ክፍት ቦታ ቋንቋውን ይቀያይራሉ፤ ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ የራሱን ማብሪያና ማጥፊያ ቁልፍ ይጠቀሙ። ፋይል ኤክስፕሎረር ሲገቡ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ሜኑው። ቁጥሮች ግን አማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆነውም ያው 1፣ 2፣ 3 ሆነው ስለሚወጡ ቋንቋ አይጠይቋቸውም። ሜኑው ላይ መስመሩን «ው» ብለው ቢጀምሩት ኖሮ አንዴ አማርኛ፣ አንዴ እንግሊዝኛ እያሉ ሊሰቃዩ ነው። «3 ውል» ግን ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለጣት ቁጥር ነው።

ከፊደል ነፃ የሆኑ ሌሎች ቁልፎችም አሉ፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ወርቅ ናቸው። ኮንትሮልና ኢንሰርት ይገለብጣል፤ ሺፍትና ኢንሰርት ይለጥፋል። ኮንትሮል ሲና ቪ ከአፕል ወገን ከመምጣታቸው በፊት የፒሲው ዓለም የሚሠራው በእነዚህ ነበር፤ ዛሬም ፋይል ኤክስፕሎረር ይቀበላቸዋል።

ግን ከዚያው ቤተሰብ አንዱን ይጠንቀቁ። ጽሑፍ ውስጥ ሺፍትና ዲሊት ቆርጦ ያወጣል። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ግን ሺፍትና ዲሊት ፋይሉን ቅርጫት እንኳ ሳያስገባ ለዘለቄታው ያጠፋል። አንድ ምሽት የአንድ መጽሐፍ ረቂቅ ሦስት ምዕራፎችን ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ላዛውር ብዬ ጽሑፍ ላይ እንደለመድኩት ሺፍትና ዲሊትን ተጫንኩ። ዊንዶውስ ጠየቀኝ እኮ። እኔም ሳላነብ ኢንተር መታሁ። ከዚያ ወደ አዲሱ ፎልደር ሄጄ ሺፍትና ኢንሰርት ስል የተለጠፈው ጠዋት የገለበጥኩት የአንዲት አክስቴ ፎቶ ነበር። ምዕራፎቹን ከኢሜይል መልሼ አገኘኋቸው፤ የሁለት ቀን እርማቱ ግን ቀረ። ፋይል ለመቁረጥ ኮንትሮል ኤክስን ብቻ ይጠቀሙ።

የራስዎን መስመር መጻፍ

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ በደቂቃ የሚመለስ ነው። ቀጣዩ ሬጅስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ያስገባናል፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሊጠይቅዎ ስለሚችል መጀመሪያ የአይቲ ሠራተኛውን ያነጋግሩ። ካልፈለጉት ይዝለሉት፤ ከላይ ያለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል።

ግቡ ይህ ነው፦ ማንኛውም ፎልደር ውስጥ ሆነው ሺፍት፣ ኤፍ10፣ ከዚያ 1 ሲጫኑ ማስታወሻ መጻፊያው ኖትፓድ እንዲከፈት። በዊንዶውስ ቁልፍና በአር የሚመጣው ሳጥን ውስጥ «ሬጅ» እና «ኤዲት»ን በእንግሊዝኛ አያይዘው ይጻፉ። በግራ በኩል ካሉት ዋና ቅርንጫፎች ስሙ በ«ክላስስ ሩት» የሚያልቀውን ይክፈቱ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ «ዳይሬክተሪ» የሚለውን እስኪያገኙ ይውረዱ። በውስጡ «ባክግራውንድ»፣ በእሱ ውስጥ «ሼል»። አጠገቡ «ሼል» ብሎ ኢና ኤክስ የተቀጠሉበት ሌላ አለ፤ እሱን አይንኩት።

«ሼል» ላይ ቆመው ከፋይል ሜኑ «ኤክስፖርት» ይበሉና የዚህን ቅርንጫፍ ቅጂ ዶክዩመንትስ ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያ «ሼል» ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኒው፣ ኪይ። ስሙን በእንግሊዝኛ የፈለጉትን ይበሉት። በቀኝ በኩል «ዲፎልት» የሚለውን ሁለቴ ክሊክ ያድርጉና ሜኑው ላይ እንዲነበብ የሚፈልጉትን ይጻፉ፦ &1 ማስታወሻ ክፈት። ያቺ & ምልክት (ሺፍትና 7) ናት ሥራውን የምትሠራው፤ ቀጥሏት የመጣው ፊደል ወይም ቁጥር ከሥሩ ይሰመርበትና ቁልፍ ይሆናል፤ ምልክቷ ራሷ ሜኑው ላይ አትታይም። አማርኛው ያለምንም ችግር ይነበባል። በመጨረሻ አሁን በፈጠሩት ኪይ ሥር ሌላ ኪይ ይፍጠሩና በእንግሊዝኛ «ኮማንድ» ይበሉት፤ የእሱን ዲፎልት ከፍተው «ኖትፓድ» ብለው፣ ነጥብ አድርገው፣ ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ ይጻፉ። ዳግም ማስነሳት አያስፈልግም።

ፎልደር ከፍተው ይሞክሩ። ፋይል ተመርጦ ከሆነ የሚመጣው የፋይሉ ሜኑ ነውና መጀመሪያ በኮንትሮልና በክፍት ቦታ ምርጫውን ያንሱ። ከዚያ ሺፍት፣ ኤፍ10፣ 1። ኖትፓድን ያነሳሁት ለምሳሌ ያህል ነው፤ በቦታው የሚጽፉበትን የሒሳብ ወይም የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ይችላሉ።

ይህ ብልሃት ነባር መስመሮችንም ያስተካክላል። አንድ ፕሮግራም ያስገባው መስመር «ሼል» ሥር ካለ ዲፎልቱን ከፍተው & ምልክቷን እርስዎ በፈለጉት ፊደል ፊት ያኑሯት፤ የተሻማብዎትን ፊደል በዚህ ያስለቅቁታል። እዚያ ያልተገኘ መስመር ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በፕሮግራሙ የራሱ ኮድ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይነካም።

ማክ ለያዛችሁ

ማክ ላይ ነገሩ የቀለለ ነው፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ፣ ከዚያ የኪቦርድ አቋራጮች፣ ከዚያ የአፕሊኬሽን አቋራጮች የሚለው ላይ የመደመር ምልክቱን ተጭናችሁ ፋይንደርን ምረጡ። የፈለጋችሁትን የሜኑ ትእዛዝ ስም ጻፉና ቁልፍ ስጡት። ስሙ ሜኑው ላይ እንዳለው ነጥብ በነጥብ፣ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ ካለው ሦስቱም ነጥብ ይጻፋል። አለመሥራቱ ሲነገረኝ ዘጠና ከመቶው ጥፋት እዚያች ነጥብ ላይ ነው።

ለመመለስ ሲፈልጉ

«ሴንድ ቱ» ውስጥ ያስገቡትን መስመር ለማንሳት ያንኑ ፎልደር ከፍተው አቋራጩን ያጥፉት፤ የሚጠፋው ምልክቱ እንጂ ዋናው ፎልደር አይደለም። የሬጅስትሪውን ለማንሳት ግን ያስቀመጡትን ቅጂ ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ቅጂው የነበረውን ይመልሳል፤ አዲስ የጨመሩትን አያወጣም። የፈጠሩትን ኪይ ራስዎ ፈልገው፣ ስሙን ሁለቴ አይተው፣ በእጅዎ ያጥፉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ቁራጭ ወረቀት እንደገና አውጥተው ለግማሽ ቀን ይጭሩበት። ጸሐፊዋ ስትቆጥር ከአምስቱ ቁጥሮቿ «4 ፎቶ» አንዴም አልተነካም ነበር። ቦታውን ለ«4 ማመልከቻ» ሰጠችው።